ልክ የሌለው ቁጥር

አማርኛችን ለእውነትና ለመጠን አንድ ቃል ሰጥቷል፤ ልክ። ልብስ ሰፊው የደንበኛውን ልክ ይወስዳል፤ በክርክር የተረታ ሰው ተከራካሪውን «ልክ ነህ» ይለዋል። ጨዋውን «ልኩን የሚያውቅ»፣ ባለጌውን «ልክ ያጣ» እንላለን። መለካት በእኛ አንደበት እውነትን የመናገር ያህል ክብር እንዳለው ይህ ቃል ብቻውን ይመሰክራል። ይሁንና በኬሚስትሪ ትምህርት ደጃፍ ላይ የሚገኘውን የመለኪያ ምዕራፍ ለልጆቻችን የምንሰጣቸው እንደ ተራ የሽምደዳ ሸክም ነው።

ምዕራፉ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይማራል። ኪሎ፣ ሄክቶ፣ ዴካ እየተባለ እስከ ሚሊ በቃል ይወረዳል፤ ወደ ታች ሲሆን አባዛ፣ ወደ ላይ ሲሆን አካፍል ይባላል፤ ተማሪው ነጥቧን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ከርሞ ፈተናውን ይገላገላል። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በመሆኑ ሸክሙ እጥፍ ይሆናል። ተማሪው 2.5 የሚል መልስ ጽፎ «ምን 2.5?» ሲባል የሚደነግጠው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። አሃድ የሌለው ቁጥር ስም የሌለው ቅጽል ነው፤ «ትልቅ» ብሎ ዝም እንደ ማለት።

እንደ እኔ እምነት ይህ ትምህርት መጀመር ያለበት ልጁ ከቤቱ ይዞት ከሚመጣው ልኬት ነው። ስንዝርና ክንድ፣ ቁናና ጣሳ የሚያውቅ ልጅ መለካትን ያውቃል። የቡና ነጋዴዎች ዛሬም ዋጋ የሚነጋገሩበትን ፈረሱላ እንውሰድ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። 5 ፈረሱላ ቡና ስንት ኪሎ ይሆናል? በእያንዳንዱ ፈረሱላ ፋንታ 17 ኪሎ ግራም ብንተካ 85 ኪሎ ግራም እናገኛለን። ቡናው አልጨመረም፤ አልቀነሰምም፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። 17 ኪሎ ግራም ለ1 ፈረሱላ ሲካፈል እኩል ለእኩል ነውና ውጤቱ አንድ ነው፤ በአንድ የተባዛ ነገር ደግሞ መጠኑ አይናወጥም። የአሃድ ለውጥ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅም ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ደግ ተርጓሚ ቃሉን ለውጦ ሐሳቡን ያጸናልና።

ተማሪን የሚያስፈራው ሞል እንኳ ከገበያችን ሩቅ አይደለም። ጤፍን ቆጥሮ የሚሸጥ የለም፤ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግራም አይሞላም። ስለዚህ ገበያተኛዋ በቁና ትሰፍራለች። የኬሚስትሪ ሊቃውንትም አቶምን አንድ በአንድ ቆጥረው ስለማይዘልቁት ሞል የሚባል ቁና አበጁ፤ ይህ ቁና 6.02214076 × 10²³ ፍሬ ይይዛል። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ያህል ነው፤ አንዲት የቡና ስኒ አይሞላም። ብዛቱ ያስገረመንን ነገር «ስፍር ቁጥር የለውም» እንላለን፤ ሞል ለእንዲህ ያለው ብዛት ስፍርም ቁጥርም ሰጠው።

«ቁና ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ የረጅምና የአጭር ሰው ክንድም አንድ አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያው ላይ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ሜትርን ያበጁት እነርሱም በየአውራጃው የሚለያየው መለኪያ ስላስመረራቸው ነበር። የቁናን መለያየት በዓይኑ ያየ ተማሪ ዓለም ለምን በአንድ መለኪያ ለመስማማት እንደ ደከመ ይገባዋል። ያላየው ግን ኪሎ ግራምን ከሰማይ የወረደ ሕግ አድርጎ ይቀበለዋል።

ልክ ማጣት የሚያስከፍለው ዋጋ በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1983 በካናዳ ሰማይ ላይ ታይቷል። ወደ ኤድመንተን የሚበር አንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ነዳጁ የሚቀዳው በሊትር ስለ ነበር ሊትሩን ወደ ክብደት ለመለወጥ በ1.77 ተሰላ። 1.77 ግን የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነው፤ በኪሎ ግራም ቢሆን 0.8 ያህል ነበር። ቁጥሩ ስሙን በማጣቱ አውሮፕላኑ ከሚያስፈልገው ነዳጅ ግማሹን እንኳ ሳይዝ ተነሣ፤ ሞተሮቹም በአየር ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር እያንሳፈፉ ጊምሊ በምትባል ከተማ በሚገኝ የቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ አሳረፉት፤ በውስጡ የነበሩት 69 ሰዎችም ከሞት ተረፉ።

ከሰማይ ወደ ጓዳችን እንውረድ። በሽሮፕ ጠርሙስ ላይ «125 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ተብሎ ይጻፋል። ይህ በእያንዳንዱ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 125 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ ማለት ነው። ሌላው ጠርሙስ በዚያው ልክ ፈሳሽ 250 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። መጠኑን በሻይ ማንኪያና በሾርባ ማንኪያ የምንሰፍር ደግሞ ብዙዎች ነን፤ የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። አንዱን በሌላው የተካ ወላጅ ለሕፃኑ የታዘዘለትን ሦስት እጥፍ አጠጣው ማለት ነው። እንግዲህ ያ የተናቀ የመጀመሪያ ምዕራፍ በውድቅት ሌሊት በሕፃን አልጋ አጠገብ የሚያስፈልግ እውቀት ነው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ሠንጠረዡን ከማስሸምደዳችሁ በፊት አንድ ጣሳ፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ የመድኃኒት ጠርሙስ ክፍል ውስጥ አስገቡ። ልጆቹ ይስፈሩ፤ ይመዝኑ፤ የሰፈሩትንም በስሙ ይጥሩ። አባቶች በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብለዋል፤ መስፈርን ሳናስተምረው ያሳደግነው ልጅ ነገ መድኃኒታችንን የሚሰፍርልን እርሱ ነው።

ቸር ይግጠመን።