ጥይት የሚሠራ እጅና ወደ ዓባይ የሚወርድ ውኃ

ጦር ሠራዊት በተፈጥሮ አካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በተነሣ ቁጥር ክርክሩ በጦር ሜዳ ተወስኖ ይቀራል፤ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት የተሠራበት ፋብሪካና መርዙን ከማንም ቀድሞ በእጁ የሚነካው ሠራተኛ ግን ይዘነጋሉ፤ ይህም ዝንጋታ ቀላል ጥፋት አይደለም።

አንዲት ጥይት ብትፈታ ነገሩ ይገለጣል። ቀለሁ መዳብና ዚንክ ተዋሕደው የሚሰጡት ናስ ነው፤ የአረሩ እምብርት በአብዛኛው እርሳስ ነው፤ ከቀለሁ ግርጌ ተቀብራ ስትመታ ባሩዱን የምትለኩሰው ቅንጣትም ብዙ ጊዜ የእርሳስ ውሕድ ትይዛለች። የእርሳስ ብናኝ በትንፋሽና ባልታጠበ እጅ ወደ ሰውነት እየገባ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሠራተኛው ማታ ቱታውን እንደ ለበሰ ቤቱ ከገባም ብናኙ ከልብሱ ተራግፎ ወለል ላይ የሚድኸውን ልጁን ያገኘዋል፤ የሕፃን አንጎል ደግሞ ይህን መርዝ ከአዋቂ ያነሰ ይቋቋማል።

ጉዳዩ ለጎጃም ሰው የሩቅ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ይሁንና ሆሚቾ የተባለው የጥይት ፋብሪካ በሚገኝበት በአምቦ አካባቢ የሚወርደው ውኃ በጉደር ወንዝ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ከዓባይ ማዶ ደግሞ ጎጃም ነው። ይህ ፋብሪካውን በብክለት መክሰስ አይደለም፤ ከአጥሩ ውስጥ የሚወጣውን ፍሳሽ ማወቅ ለወዲህኛውም ማዶ ነዋሪ መብት ነው ለማለት ነው።

መብቱ በሕግ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ ማለትም አንድ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የሚያስከትለው ጉዳት እንዲጠና የሚያዘው ሕግ፣ የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይፈልጋል። የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ግን ከምሥጢር ጋር የሚኖር ስለ ሆነ በአጥሩ ውስጥ የሚሆነውን ከቅርብ የሚያየው ሠራተኛው ብቻ ነው፤ ከሠራተኛውም የሠራዊት አባል የሆነው ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥበቃ ውጭ ነው። ብቸኛው ምስክር አፉ የተያዘ ከሆነ አዋጁን ማን ያስፈጽመዋል? የመሣሪያው አሠራር በምሥጢር ቢያዝ ያስማማል፤ በሠራተኛው ደም ውስጥ የተገኘው የእርሳስ መጠን ግን የአገር ምሥጢር ሊሆን ከቶ አይገባም።

የሠራተኛው ድምፅ ምን ያህል ሊራመድ እንደሚችል በ1976 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ ታይቷል። የጦር አውሮፕላን ክፍሎችን ጭምር ይሠራ በነበረው በሉካስ ኤሮስፔስ የቅነሳ ሥጋት ያንዣበበባቸው ሠራተኞች በዚያው እጅና በዚያው ማሽን ሊመረቱ የሚችሉ 150 ያህል ሰላማዊ ምርቶችን ዘርዝረው አቀረቡ፤ የኩላሊት እጥበት መሣሪያና የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይገኙባቸው ነበር። አስተዳደሩ ዕቅዱን ቢገፋውም ሐሳቡ የመነጨው ከማሽኑ አጠገብ መሆኑ አልተካደም። በኢትዮጵያ ግን በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ከጦር መሣሪያ አልፎ የማዳበሪያ ፋብሪካ ሊገነባ የገባው በዚያው ዓመት ዩኔስኮ በመዘገበው በያዩ የዱር ቡና ደን አካባቢ ነበር፤ አቅጣጫው የተቀየሰውም ከላይ ወደ ታች ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከትንሹ ይጀምር፤ ቱታው በፋብሪካው ግቢ ይታጠብ፤ ሠራተኛው በየጊዜው ደሙን ተመርምሮ ውጤቱን በእጁ ይቀበል፤ ከጉደር ወንዝ የሚቀዳው የውኃ ናሙና ውጤትም በአምቦም በደብረ ማርቆስም በግልጽ ይነበብ።