ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?

በቆቦና በራያ ቆላ መሣሪያ ለቤት እንግዳ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በደጁ ያለፈበት ሰው ሽጉጥ ቢይዝ አያስገርምም። ችግሩ ጡረተኛው አባወራ ሽጉጡን ሲያውቁት፣ ባለቤታቸው የሚያውቁት የተቀመጠበትን ሣጥን ብቻ መሆኑ ነው። እርሳቸው ገበያ በዋሉበት ቀን የልጅ ልጅ ሣጥኑን ቢከፍተውስ?

ስለዚህ እናቴ፣ ከባለቤትዎ ጋር አብረው ይማሩ። እርሳቸው «ድሮ ተኩሻለሁ» ቢሉም ዛሬ ጀማሪ ናቸው። በስድሳ ዓመት ዓይን በክንድ ርቀት ያለው ማነጣጠሪያ ይደበዝዛል፤ እጅም ይደክማል። ድምፁ ከ140 ዴሲቤል ስለሚበልጥ ጆሮ ሳይሸፈን አይተኮስም።

የመጀመሪያው ትምህርት ግን መተኮስ ሳይሆን ባዶ ማድረግ ነው፤ እርሱንም የሚያውቅ አሠልጣኝ ያሳያችሁ። ብዙ ሰው ካዝናው ከወጣ ሽጉጡ ባዶ ይመስለዋል። አይደለም፤ አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ጣት ከምላጩ ርቆ፣ አፈሙዙ ወደ ሰው ሳይዞር፣ መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ተስቦ ውስጡ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሽጉጡ ከካዝናው ሌላ ጥይት ይጎርሳል።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል ፈቃዱም ይታይ። ለሰርግ ወደ ሰማይ መተኮስም ይቅር፤ የወጣው ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። ሽጉጡና ጥይቱ ተለያይተው ይቆለፉ። ቁልፉ ትራስ ሥር አይሁን፤ ልጆች እዚያ ሊፈትሹ ይችላሉ።

ዛሬ ማታ ባለቤትዎ «ባዶ ነው» ካሉዎት፣ በምን እንዳወቁ ይጠይቋቸው።