ፍለጋው ለመሣሪያ፣ ማየቱ ለሰው

በሞተር የሚዞር ተራ የቴሌስኮፕ ማቆሚያ፣ ምድር በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ዛቢያዋን በምትዞርበት ፍጥነት መነጽሩን በተቃራኒው እያዞረ፣ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ያገኘውን ኮከብ እንዳይጠፋበት ይጠብቅለታል፤ ዳሩ ግን ያላገኘውን አያገኝለትም። ይህን ጉድለት ለመሙላት አዲስ መሣሪያ መግዛት ግድ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በነባሩ ማቆሚያ ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዙ ሁለት ሞተሮችን በገዛ እጅ መግጠም፣ ወጪ ከማዳኑ ይልቅ ስለሚያስገኘው ዕውቀት የተመረጠ ነው እላለሁ።

በአንድ ዙር 200 እርምጃ የሚራመደው ሞተር፣ ተቆጣጣሪው ሰሌዳ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሲከፍልለትና 144 ጥርስ ያለውን መዘውር በጠመዝማዛ ብሎን ሲያሽከረክር፣ የማቆሚያው ዘንግ ሙሉ ዙር 460,800 ንዑሳን እርምጃዎች ይሆናል፤ እያንዳንዱም ከ3 የማዕዘን ሰከንድ ያነሰ ነው። ነገር ግን አሮጌው ግራሶ ተጠርጎ፣ ብሎኑ በጣት ሲነቀንቁት የማይላወስ፣ ሲያዞሩትም የማይከብድ ሆኖ ካልታሰረ፣ ሒሳቡ ቢሰምርም እንኳ ኮከቡ ከመነጽሩ ውጭ ይቀራል።

የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ዘንጉ ሊያመለክተው የሚገባው የሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ ከአድማስ በዚያው መጠን ብቻ ከፍ ይላል፤ በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖርም ተራራው ሊሰውርበት ይችላል። ሞተሮቹን የሚያዝ፣ እንደ ኦንስቴፕ ያለ በነጻ የተለቀቀ ፕሮግራም ረድኤቱ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ በሚያዝያ ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ሲሪየስን በምዕራብ፣ አርክቱሩስን በምሥራቅ፣ ከዚያም አንድ ሦስተኛ ኮከብ በመነጽሩ መካከል አድርገው ቢያሳዩት፣ የዘንጉን መዛባት አስልቶ ያርማል፤ የከተማው መብራት ከዓይን የሸሸገውን ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለውን የከዋክብት ማኅበርም ፈልጎ ያቀርባል።

ኮምፒውተር የሚፈልግለት ሰው ብርሃናተ ሰማይን ከቶ አይማርም የሚሉ አሉ። መሣሪያው ግን ከዋክብትን በስማቸው ለይቶ የሚያሳየው ሰው ከሌለ ዕውር ነው፤ ክረምቱ ሰማይን ለወራት በሚዘጋብን አገርም፣ የጠራችውን ጥቂት ሌሊት በፍለጋ ከመፍጀት በማየትና በመመርመር ማሳለፍ ይበልጣል። ስለዚህ በግምጃ ቤታቸው ባለሞተር ማቆሚያ ያኖሩ ትምህርት ቤቶች አውጥተው ለተማሪዎቻቸው ይስጡ፤ ጥርስ መቍጠርን፣ ማዕዘን ማስላትንና ኮከብ መለየትን በአንድ ሥራ አስተባብሮ የሚያስተምር እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይገኝም።