ጀሪካኑን አትቀሟት

ስኳር ወይም ደም ግፊት አለባት ብሎ እናትን ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንክብካቤ አይደለም፤ በፍቅር ስም ማሽመድመድ ነው። ባሌ ውስጥ፣ ሮቤም ጎባም በየዘመድ ቤቱ የማየው ይህንኑ ነው፤ አንገሽግሾኛል።

አክስቴ ከሕክምና ክትትል ስትመለስ ኪኒኗን ይዛ፣ «እንቅስቃሴ አድርጊ» ተብላ መጣች። ምን ዓይነት? በሳምንት ስንት ቀን? ያሳያት የለም። ቤት ስትደርስ ደግሞ ልጆቿ ባለ አምስት ሊትሯን ጀሪካን ከእጇ ነጠቁ፤ «እማዬ፣ አንቺ እረፊ!» ዛሬ ከመደብ የምትነሳው ግድግዳ ተደግፋ ነው። ኪኒን አልጎደለባትም። ጉልበቷን የወሰደው ዕረፍቱ ነው።

ጡንቻ ሲሠራ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ እንኳ ከደም ስኳር ይስባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ የደም ግፊትና የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመምተኞችም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይሥሩ ይላል። «የባሌ ሰው ገበሬ ነው፤ ሥራው ስፖርቱ ነው» የምትሉኝ፣ የሲናናን ስንዴ ኮምባይነር እያጨደው መሆኑን ረሳችሁት? ከሮቤ ጎባስ በእግሩ የሚሄድ ስንቱ ነው?

«ጂም የለም» ደግሞ ሰበብ ነው። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ጭቃው መውጫ ቢያሳጣ ቤት አለ። የማይንሸራተት ወንበር ግድግዳ አስጠግቶ እጅን ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ። ክንድን ዘርግቶ ግድግዳ መግፋት። በየእጁ ውኃ የያዘ ጠርሙስ ማንሳት፤ ሲቀል ውኃ መጨመር። በመካከሉ አንድ ቀን ማረፍ። ሲነሱ ትንፋሽን ማስወጣት እንጂ ማፈን የለም፤ ማፈን ግፊትን ሽቅብ ይሰዳል። ኢንሱሊን የሚወጋ አስቀድሞ ስኳሩን ይለካ። የእግር ቁስል፣ የዓይን ወይም የልብ ችግር ያለበት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ደረቱን ያመመው ወዲያው ያቁም።

ይህን ማሳየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ አገር አስተምሯል። ገበሬውን መጸዳጃ ቤት ያስቆፈረ ሥርዓት ከወንበር መነሳትን ማስተማር እንዴት ያቅተዋል? መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ጤና የሚማሩ ወጣቶች አሉት፤ በክትትል ቀን ተራ የሚጠብቀውን ሕመምተኛ ያሠሩት!

ልጆች፣ ከባዱን እንጨት ተሸከሙላት፤ የምትችለውን ግን ተዉላት። ክትትል ላይ ያላችሁ ደግሞ ኪኒን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። «እንቅስቃሴ አድርጉ» ያላችሁን ባለሙያ «እንዴት? እዚሁ አሳየኝ» በሉት፤ ሳያሳያችሁ ከክፍሉ አትነሱ።