ሐላል መሆኑን ጠየቅን፤ መብሰሉንስ?

በኅዳር ወር 2024 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት 15 ሰዎች በርገር በልተው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ታመሙ፤ ከ75 ቶን በላይ የተፈጨ የበሬ ሥጋም ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1993 ጃክ ኢን ዘ ቦክስ ከተባለው የበርገር ቤት ጋር በተያያዘ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው 4 ሕፃናት ሞተዋል።

ባክቴሪያው የሚኖረው በከብቱ አንጀት ነው። ቆዳው ሲገፈፍና ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሥጋውን ሊነካ ይችላል። ሙዳ ሥጋ ላይ ከሆነ ላዩ ሲጠበስ ይሞታል። ሲፈጭ ግን ላይ የነበረው ወደ ውስጥ ይገባል፤ የብዙ ከብቶች ሥጋም ይቀላቀላል።

ቢስሚላህ ተብሎ መታረዱ ሥጋውን ሐላል ያደርገዋል እንጂ ባክቴሪያውን አይገድልም። ቁርኣን ሐላልን ከጠይብ ጋር አጣምሮ ሲያነሳ፣ እኛ ሁለተኛውን ቃል ለምን እንደምንዘለው ይገርመኛል።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለተፈጨ የበሬ ሥጋ የሚመክረው 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ በቴርሞሜትር ተለክቶ፣ በዓይን ታይቶ አይደለም። ለብለብ ክትፎ (የሚወደድ ቢሆንም) እዚያ አይደርስም፤ ሚጥሚጣም እሳትን አይተካም። አዋቂው ላይ በተቅማጥ የሚያልፈው በሽታ የሕፃን ኩላሊት ሊያበላሽ ይችላልና፣ ቢያንስ ልጆቹን ከእሱ አናጉርሳቸው።