ጌኑን እስከ መጨረሻ አይክፈቱት



ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ፓወር አምፕሊፋየር ገዝተው ሳሎን ካስቀመጡ በኋላ የጌኑን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ከፍተው ለተዉት ለእርስዎ ነው። «አምፑ ሙሉ ጉልበቱን ይስጠኝ» ብለው እንዳደረጉት ይገባኛል። ነገር ግን የአምፑ ጉልበት የሚመጣው ከፓወር ሰፕላዩና ከትራንዚስተሮቹ ነው። ጌን የሚወስነው የገባው ቮልቴጅ በስንት ተባዝቶ እንደሚወጣ ብቻ ነው። ባለ 100 ዋት አምፕ ጌኑ ቢቀነስም ያው ባለ 100 ዋት ነው፤ እዚያ ለመድረስ ከፍ ያለ ሲግናል ይፈልጋል፣ በቃ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ8 ኦም ስፒከር 100 ዋት ለማውጣት 28 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ሲዲ ማጫወቻ ሲበዛ 2 ቮልት ያህል ያወጣል። ስለዚህ 14 እጥፍ፣ ማለትም 23 ዲሲቤል ጌን፣ ይበቃል። ብዙ አምፖች ግን ከ26 እስከ 32 ዲሲቤል ይዘው ይመጣሉ። 32 ዲሲቤል ማለት 40 እጥፍ ነው፤ 0.7 ቮልት ሲገባለት አምፑ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ቢገፉት የሞገዱ ጫፍ እየተቆረጠ ድምፁ ይበላሻል፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ ትዊተሩም፣ ለአደጋ ይጋለጣል።

እኔን ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ቀስ ተብሎ በሚደመጥበት ሰዓት የሚደርሰው ጉዳት ነው። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ለሳሎን አንድ ዋት እንኳ ይበዛል። ጌኑ 40 እጥፍ ከሆነ የቮልዩሙ ማዞሪያ ከመነሻው ፈቀቅ ሲል ቤቱ በድምፅ ይሞላል። ተራ ማዞሪያ ደግሞ እዚያ ታች ላይ ግራና ቀኙን እኩል አያደርግም፤ መሐል መቆም የነበረበት ዘፋኝ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ከቮልዩሙ በኋላ ፕሪአምፑ (ከአምፑ በፊት ያለው፣ ቮልዩሙ የሚገኝበት ዕቃ) የሚጨምረው ሽሽሽ የሚል ድምፅም አብሮ በ40 ይባዛል። ክራር ብቻዋን ጀምራ በሁለት ምት መሐል ዝም ስትል፣ ያንን ዝምታ የሚሞላው ይኸው ነው። ሙዚቀኛው አስቦ የተወው ዝምታ እንዲህ መበላሸት የለበትም።

ራስዎ ይስሙት። ሙዚቃውን ያቁሙ፣ ቮልዩሙን ዜሮ ያድርጉ፣ ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀው ጆሮዎን ከትዊተሩ አንድ ስንዝር ያህል ያቅርቡ። ሌላ ሰው ጌኑን ቀስ አድርጎ ይቀንስ። ሽሽሽ የሚለው ድምፅ አብሮ ከቀነሰ ምንጩ ከአምፑ በፊት ያለው ዕቃ ነው፤ ጌኑ ታች ደርሶም የሚቀረው የአምፑ የራሱ ነው፣ እሱን ማዞሪያው አያጠፋውም።

አሁን ጌኑ ታች እንዳለ ቮልዩሙን ሦስት አራተኛ ላይ ያድርጉና ካለዎት ሙዚቃ ጮክ ብሎ የተቀዳውን ይክፈቱ። ጌኑን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ። «ቤቴ ውስጥ ከዚህ በላይ አልፈልግም» የሚሉት ላይ ሲደርስ ያቁሙ። የግራውና የቀኙ ማዞሪያ ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱንም እኩል ያድርጓቸው። ከሞባይል በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ የሚያጫውቱ ከሆነ ሲግናሉ ብዙ ጊዜ ከሲዲው ያንሳል፤ ያን ጊዜ ጌኑ ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው። ከመጠን በላይ ዝቅ ካደረጉት ደግሞ ፕሪአምፑ ከአቅሙ በላይ እየተገፋ እሱ ራሱ ድምፁን ያበላሻል።

አንድ ነገር ላሳስብዎ። የተቀነሰ ጌን ለስፒከርዎ ዘብ አይቆምም፤ ቮልዩሙን የሚገፋ እጅ ካለ አምፑ ያው ጣሪያው ድረስ ይሄዳል። ጌኑ በማዞሪያ ሳይሆን ከአምፑ ጀርባ ባለ ማብሪያ መሰል ቁልፍ የሚቀየር ከሆነ፣ መጀመሪያ አምፑን ያጥፉ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ ከዚያ ይቀይሩ።