ድሉ የእኛ፣ ሜዳው የሰው

ሐሙስ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ግብጽን 2 ለ 0 ሲረቱ ላሊበላ ከተማ ከዋናው መስመር መብራት አታገኝም ነበር። በጦርነቱ ሳቢያ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። ጨዋታውን እከታተላለሁ ያለ ሰው ጀኔሬተር የሚያንደቀድቅ ቤት መፈለግ፣ ካልሆነም ባትሪው ያላለቀ ሬዲዮ ወይም ስልክ ዙሪያ መኮልኮል ግድ ይለው ነበር። ለላስታ ደጋ ኳስ ወዳድ እንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። ብሔራዊ ቡድኑን በሩቅ ሆኖ መውደድ ለምዷል። የዚያን ቀን ግን አንድ የተለየ ነገር ነበር፤ የአዲስ አበባው ደጋፊም፣ የባሕር ዳሩም፣ የሐዋሳውም እንደ ላስታው ሁሉ በሩቅ ነበር። ኢትዮጵያ “በሜዳዋ” ያደረገችው ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ፣ ቢንጉ ስታዲየም ነውና።

ድሉን ማንም አያሳንሰውም። ግብጽ ማለት የአፍሪካ ዋንጫን ሰባት ጊዜ የወሰደች አገር ናት። ከዚያ ጨዋታ አራት ወር ቀደም ብሎ ያውንዴ ላይ ለፍጻሜ ቀርባ በሴኔጋል የተሸነፈችው በመለያ ምት ነው። እንዲህ ያለውን ቡድን ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ባስቆጠሯቸው ሁለት ጎሎች አንበርክከውታል። የሽመልስ ጎል ደግሞ ለብቻው ጨዋታ ያስነሳል። ልጁ ዓመታት የተጫወተው እዚያው ግብጽ ሊግ ውስጥ ነው። የግብጽ ተከላካዮች ሲተኙም ሲነሱም የሚያውቁትን ሰው ነው መያዝ ያቃታቸው! የአሰልጣኝ ውበቱ አባተ ልጆች ኳሱን ከኋላ ጀምረው እየተቀባበሉ ሲወጡ ፈርዖኖቹ ግራ ሲጋቡ ታይተዋል። የግብጹ አሰልጣኝ ኢሃብ ጋላልም ብዙ አልቆየም፤ በደቡብ ኮሪያ 4 ለ 1 ከተሸነፈ በኋላ በቀናት ውስጥ ተሰናበተ።

ደጋፊው ድሉን ሲያወራ ታዲያ ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን “ሳላህ እኮ አልነበረም” ይላል። እውነት ነው፣ መሐመድ ሳላህ አልተሰለፈም። ቢሰለፍ ምን ይፈጠር ነበር የሚለው ግን መልስ የሌለው ጨዋታ ነው። ከሳላህ ውጪ የተሰለፉት ግብጻውያን በአብዛኛው የአል አህሊና የዛማሌክ ልጆች ናቸው፤ የአፍሪካን የክለቦች ዋንጫ እንደ ቤት ዕቃ የለመዱ ክለቦች! ደግሞስ ኢትዮጵያ ስትሸነፍ “እገሌ ስላልተሰለፈ ነው” ተብሎ ውጤቱ ተቀንሶላት ያውቃል? ሌላው ወገን ደግሞ ነገሩን ወዲያው ከአባይ ጋር ያገናኘዋል። በዚያ ሰሞን የሕዳሴው ግድብ ሙሌት የሁለቱን አገሮች ዲፕሎማቶች ሲያሟግት ስለነበር የደጋፊው ምላስ ወደዚያ ማምራቱ አያስገርምም። ቢሆንም ግድቡን ሜዳ ላይ መጫወት ለተጫዋቾቹ ውለታ አይሆንም። ዳዋና ሽመልስ ጎል ያገቡት ጥሩ ስለተጫወቱ ነው። ይሄ ይበቃል።

ከሁለቱም ወገን ክርክር ይልቅ ሊወራ የሚገባው ሌላ ነው። ዋሊያዎቹ ግብጽን ከማሸነፋቸው አራት ቀን በፊት፣ እዚያው ሊሎንግዌ፣ እዚያው ቢንጉ ስታዲየም በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፈዋል። ያኔ እንግዳ ነበሩ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሣር ላይ “ባለሜዳ” ተባሉ። ሆቴል ሳይቀይሩ እንግዳም ባለቤትም መሆን ማለት ይሄ ነው። ሰሌዳው ላይ ኢትዮጵያ በግራ በኩል ተጽፋለች፤ ትሪቡኑ ላይ ግን ሆ! ብሎ የሚነሳው የአገር ሕዝብ የለም። በውጭ የሚኖሩ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ባንዲራ ይዘው ተገኝተው ሊሆን ይችላል፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ሃያና ሰላሳ ሺህ ሕዝብ የሚዘምርበትን ስታዲየም አይተኩም።

የድሮውን ማስታወስ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችው ይህችኑ ግብጽን አሸንፋ ነው። በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር። ግብጾች ሁለት ጊዜ መርተዋል፤ ኢትዮጵያውያኑ ሁለት ጊዜ አቻ አድርገዋል። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ ሁለተኛዋን የአቻነት ጎል ያስቆጠረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና 4 ለ 2 አለቀ። ያንን ጨዋታ ያዩ አዛውንቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ ከጎሎቹ እኩል የሚያነሱት የሕዝቡን ጩኸት ነው። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መነሳት በእግር ብቻ አይሆንም፤ ከትሪቡን የሚመጣ ጉልበት ይጠይቃል። ከስልሳ ዓመት በኋላ ግብጽ በድጋሚ ስትሸነፍ ግን ያ ትሪቡን አልነበረም።

ወደ ቅርቡ እንምጣ ከተባለ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አለ። ሱዳን በሜዳዋ 5 ለ 3 አሸንፋ አዲስ አበባ ገባች። የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ሁለት ጎል ያስፈልገዋል፤ አንድ ከተቆጠረበት ደግሞ ሒሳቡ ይበላሻል። ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ስታዲየሙን ሞላው። ከዕረፍት መልስ አዳነ ግርማ አገባ፣ ሳላዲን ሰኢድ ደገመ። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነና ካርቱም ላይ የተቆጠሩት ሦስት ጎሎች ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ አሳለፏት። የዚያን ምሽት አዲስ አበባ ውስጥ እንቅልፍ የተኛ ሰው ስለመኖሩ ያጠራጥራል። ልብ በሉ፣ ያ ድል የተሠራው በሁለት ቦታ ነው፤ ግማሹ በሽንፈት ውስጥ በሰው ሜዳ፣ ግማሹ በሕዝብ መካከል በራስ ሜዳ። አንዱ ቢጎድል ሌላው ዋጋ አልነበረውም። በዚያ ቡድን ውስጥ ወጣቱ ሽመልስ በቀለም ነበር። በሁለቱም ዘመን የተጫወተ ሰው ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል።

የላስታና የወሎ ደጋፊ በተለይ የማይረሳው ግን ባሕር ዳርን ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮትዲቯር ባሕር ዳር መጥታ በሱራፌል ዳኛቸውና በዚሁ በሽመልስ ጎሎች 2 ለ 1 ተሸንፋ ተመልሳለች። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ማዳጋስካር 4 ለ 0 ተሸኘች። በ2014 ዓ.ም. በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ የተሳተፈችው በእነዚህ ዓይነት የሜዳ ድሎች ተደግፋ ነው። ከላሊበላ ጋሸና ወርዶ፣ ከጋሸና በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር መግባት አድካሚ መንገድ ነው፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ግን መንገድ ነው! ብር አጠራቅሞ፣ ከጓደኛ ጋር ተመካክሮ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚደረስበት ነው። ሊሎንግዌ በሚኒባስ አይደረስም።

በሩ የተዘጋው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። መስከረም 29 ቀን ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 አሸነፈች። ቀጣዩ የጋና ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄደ፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ በኢትዮጵያ ያሉት ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም ብሏልና። አዲስ አበባ ስታዲየም ለዕድሳት ተዘግቶ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየተገነባ ያለው፣ ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል የተባለው የአደይ አበባ ስታዲየም በዚያን ጊዜ አላለቀም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የወንዶቹ ብሔራዊ ቡድን “የሜዳ” ጨዋታ ሲባል ደጋፊው ካርታ ማየት ጀመረ። ማላዊ፣ ሞሮኮ፣ ሞዛምቢክ፣ ታንዛኒያ... ለዚህ ሁሉ ጉዞ የሚወጣው የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የሜዳ ኪራይ ወጪ የውጭ ምንዛሪ ነው።

ውጤቱስ? ከግብጹ ድል በኋላ በዚያው ማጣሪያ አራት ጨዋታ ቀርቶ ነበር። ዋሊያዎቹ ያገኙት 1 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሞዛምቢክ ላይ ከማላዊ ጋር 0 ለ 0 በመለያየት። ጊኒ ሁለቴ አሸነፈች፣ ግብጽም ካይሮ ላይ 1 ለ 0 ሂሳቧን አወራረደች። ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው ቡድን ምድቡን በ4 ነጥብ የመጨረሻ ሆኖ ጨረሰ። ይሄን ሁሉ በሜዳ እጦት ማሳበብ አይቻልም፤ የአጥቂ ችግር አለ፣ የዝግጅት ችግር አለ፣ የፌዴሬሽኑ አሠራር አለ። ነገር ግን ከሦስቱ “የሜዳ” ጨዋታዎች አንዱም አገር ውስጥ ያልተደረገበት ማጣሪያ በሙሉ ጉልበት ተካሂዷል ብሎ የሚከራከር ካለ ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሰሜን ወሎ እንመለስ። ከላሊበላ በታች ወልድያ ላይ በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመ፣ ከ25 ሺህ በላይ መቀመጫ ያለው ስታዲየም ቆሟል። በተመረቀበት ሰሞን ወልድያ በፕሪሚየር ሊጉ ይጫወት ነበር፤ ከራያ፣ ከላስታ፣ ከሀብሩ የሚመጣው ደጋፊ ከተማዋን ያጥለቀልቃት ነበር። በ2010 ዓ.ም. ክለቡ ወረደ። እናም ግብጽ በተሸነፈችበት በሰኔ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የኳስ ካርታ እንዲህ ነበር፤ ወልድያ ስታዲየም አለው፣ በሊጉ ቡድን የለውም። ኢትዮጵያ ቡድን አላት፣ ስታዲየም የላትም።

ወልድያ ግብጽን ያስተናግድ ማለት አይደለም። ካፍ የሚቆጥረው ወንበር ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። የመልበሻ ክፍሉን ይለካል፣ የሜዳውን ሣር ያያል፣ የመብራቱን ኃይል፣ የዳኞቹን ክፍል፣ የጋዜጠኞቹን ቦታ፣ የተመልካቹን መውጫ በር፣ የሆስፒታሉንና የሆቴሉን ርቀት ይጠይቃል። የአውሮፕላን ማረፊያ ጉዳይም አለ፤ ወልድያ ስታዲየም አለው፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ግን ወይ ላሊበላ ወይ ኮምቦልቻ ነው። ስታዲየሞች ሲገነቡ መጀመሪያ የታየው ከውጭ የሚያምረው ቅርጽና የመቀመጫው ብዛት ነበር፤ በየክልሉ ግዙፍ ግንብ ቆመ። ተጫዋቹ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል ግን የኋላ ሐሳብ ሆነ። ካፍ ሲመጣ ደግሞ በቀጥታ የሚገባው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው። ወይ ጉድ! በብዙ መቶ ሚሊዮን ብር የተሠራ ስታዲየም በሻወርና በሣር ሲወድቅ ማየት ያማል።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ ማዘጋጀት እንደምትፈልግ በመንግሥት ደረጃ ተነግሯል። ፍላጎቱ ደስ ይላል። ይህች አገር ዋንጫውን በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አዘጋጅታለች፤ የካፍ መሥራችም ናት። ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ የካፍ ፕሬዚዳንት ያፈራች አገር ስለ ሜዳ ደረጃ ከማንም መማር አያስፈልጋትም ነበር። ሆኖም ደጋፊው የሚጠይቀው ከትልቁ ድግስ በፊት ያለውን ነው። ሃያ አራት አገር ከመጋበዝ በፊት አንድ እንግዳ ቡድን በቤት ተቀብሎ መሸኘት ይቀድማል።

ስለዚህ እግር ኳስ ፌዴሬሽኑና ስታዲየሞቹን የያዙት ክልሎች ለደጋፊው አንድ ነገር ዕዳ አለባቸው። ካፍ ለእያንዳንዱ ስታዲየም የሰጠው የጉድለት ዝርዝር አለ፤ ባሕር ዳር ላይ ምን እንደጎደለ፣ ሐዋሳ ላይ ምን፣ ድሬዳዋ ላይ ምን ተብሎ የተጻፈ። ያ ዝርዝር በመግለጫ ጋጋታ “ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል” እየተባለ ከሚታለፍ ለሕዝብ ይውጣ። ከእያንዳንዱ ጉድለት አጠገብ የሚሠራው መሥሪያ ቤት ስምና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ ለምን አለፈ ተብሎ ይጠየቅ። የላሊበላው ልጅ ጋሸና ላይ ሚኒባስ የሚጠብቅበትን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ብር የሚያጠራቅመው ከወራት በፊት ነውና።